በባትሪ የሚሠራው መሰርሰሪያ፤ ታሪኩና አመራረጡ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የታተመ)



በዛሬው ጊዜ የሥራ መሣሪያ ወደሚሸጥበት መደብር የገባ ሰው፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መሣሪያዎች ያያል። አንደኛው ቀዳዳ የሚበሳው መሰርሰሪያ፤ ገበያው እንደሚጠራው ድሪል ነው። ሁለተኛው ብሎን እየመታ የሚያስረውና የሚፈታው፤ ኢምፓክት የተባለው ነው። ሁለቱም ያለ ገመድ በባትሪ ይሠራሉ። የሣጥኑ መልክ ተመሳሳይ ሲሆን ዋጋው ግን እጅግ ይለያያል፤ አንዱ ከሌላው ሦስትና አራት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። እንግዲህ እቁብ ወጥቶለት በዚያ ገንዘብ የአናጢነትን ወይም የአሉሚኒየም ሥራን ለመጀመር የተነሣ ወጣት፤ ከርካሾቹ ሣጥኖች ፊት ቆሞ የትኛውን እንደሚያነሣ ሲያመነታ ይታያል። በዚያች ሰዓት የሚያደርገው ምርጫ የዓመት እንጀራውን የሚነካ ስለ ሆነ፤ ነገሩ ተራ የዕቃ ግዢ ብቻ ነው ሊባል አይገባውም።

የዚህ ንግግር አሳብ የማንንም ነጋዴ ዕቃ ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። አሳባችን የመሣሪያውን ታሪክ ከመሠረቱ ተከትለን፤ ከታሪኩ ውስጥ ለገዢው የሚጠቅም ትምህርት ለማውጣት ነው። የታሪኩም ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰው ሥራውን ከክንዱ አውጥቶ ለሌላ ኀይል ባስረከበ ቍጥር፤ ነጻነቱም በዚያው ኀይል ምንጭ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ብልህ ገዢ ከመሣሪያው መልክ አስቀድሞ የኀይሉን ምንጭ ይመረምራል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

መሰርሰር እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የሰው ልጅ ጥበቦች አንዱ ነው። ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር፤ በባሉቺስታን ምድር መህርጋርህ በተባለው ጥንታዊ የመቃብር ሥፍራ፤ በዘጠኝ ሰዎች አፍ ውስጥ በጥንቃቄ የተበሱ አሥራ አንድ መንጋጋ ጥርሶች መገኘታቸው በ2006 ዓ. ም. ለዓለም ተገለጸ። ዕድሜያቸው ከ7,500 እስከ 9,000 ዓመት ይደርሳል። ጥርሶቹን የበሳው መሣሪያ የባልጩት ጫፍ የነበረው ሲሆን፤ ያው ጥበብ በዚያው አገር የዶቃ ሠሪዎች ጥበብ ነበር። እንግዲህ ሰው ብረትን ገና ሳያውቅ፤ ጠንካራ ነገርን በማሽከርከር መብሳትን ዐውቆ ነበር ማለት ነው።

በመጀመሪያ አንዲት ቀጭን እንጨት በሁለት መዳፍ መካከል ይዞ ማሽከርከር ነበር፤ በዚሁ መንገድ ሰው እሳትን ከእንጨት ያወጣ ነበር። ቀጥሎ ጅማት የታሰረበት ደጋን መጣ። የደጋኑን ጅማት በመሰርሰሪያው ዘንግ ላይ አንድ ጊዜ ጠምዝዞ፤ ደጋኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመሳብ ዘንጉን ያዞሩት ነበር። በግብጽ አገር በቴቤስ፤ የፈርዖን ቱትሞስ ሣልሳዊ ጠቅላይ ሹም በነበረው በረኽሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት አናጢዎች በዚሁ በደጋን መሰርሰሪያ ወንበር ሲሠሩ ተሥለው ይታያሉ። አንዱ እጅ ከላይ ይጫናል፤ ሌላው እጅ ደጋኑን ይስባል። መሣሪያው መልካም ቢሆንም አንድ ጕድለት ነበረው። ዘንጉ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፤ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ስለሚዞር፤ አንድ ወጥ ዙር አልነበረውም።

ይህ ጕድለት የተወገደው ከብዙ ዘመን በኋላ በአውሮፓ፤ ክንዱ ተቈልምሞ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ በተገኘ ጊዜ ነው። የዚህን መሣሪያ ሥዕል ከጥንቶቹ አንዱን የምናገኘው፤ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በፍላንደርስ በተሣለውና ዛሬ በኒው ዮርክ በሚገኘው የሜሮድ የመሠዊያ ሥዕል ላይ ነው። በዚያ ሥዕል በአንድ ወገን ጻድቁ ዮሴፍ በአናጢ ቤቱ ተቀምጦ፤ ይህንኑ የሚዞር መሰርሰሪያ ይዞ ሳንቃ ሲበሳ ይታያል። ዙሩ ከእንግዲህ ወዲህ ወደ አንድ ወገን የማያቋርጥ ሆነ። ኀይሉ ግን አሁንም የሰው ክንድ ነበር፤ ሠራተኛው ሲደክም መሣሪያውም ይደክም ነበር።

የማሽኑ ነገር ይህን ሲመስል፤ ቀዳዳውን የሚበሳው ጫፍ፤ ባለ ሙያዎቻችን ፑንታ የሚሉት፤ የራሱ ታሪክ አለው። የጥንቱ ፑንታ ጠፍጣፋ ስለ ነበረ፤ የተፋቀውን ብናኝ ከጕድጓዱ ማውጣት አይችልም ነበር። በ1863 ዓ. ም. የአሜሪካ ሰው የሆነው ስቴፈን ሞርስ፤ ዛሬ ሁላችን የምናውቀውን ጠመዝማዛ ቦይ ያለውን ፑንታ በፓተንት አስመዘገበ። ፑንታው እየበሳ ሲሄድ ቦዩ ብናኙን ወደ ውጭ ይሸኛል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በጨረቃ ላይ ሳይቀር ትልቅ መሆኑ እንዴት እንደ ታወቀ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የኤሌክትሪክ ኀይል በፋብሪካዎች ውስጥ በተስፋፋ ጊዜ መሰርሰሪያም ከክንድ ተላቀቀ። በ1889 ዓ. ም. በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ፤ አርተር ጄምስ አርኖትና ዊልያም ብላንች ብሬይን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሰርሰሪያን አስመዘገቡ። በ1895 ዓ. ም. በጀርመን አገር በሽቱትጋርት፤ የፋይን ኩባንያ በእጅ ተይዞ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠራ። ሆኖም መሣሪያው ከባድ ነበር፤ ለመያዝም የማይመች ነበር። በ1902 ዓ. ም. አርተር ጄኮብስ የተባለው አሜሪካዊ፤ ፑንታውን በሦስት ጥርስ ነክሶ በቍልፍ የሚጠብቀውን መያዣ አስመዘገበ። ይህን እንዲያስብ ያነሣሣው በቀድሞው መያዣ ላይ የእጁን አንጓ መመታቱ ነበር ይባላል።

በ1910 ዓ. ም. በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ዱንካን ብላክና አሎንዞ ዴከር የተባሉ ሁለት ወጣቶች አነስተኛ የብረት ሥራ ቤት ከፈቱ። መነሻቸው 1,200 ዶላር ነበር። ብላክ የራሱን ድርሻ ያገኘው አውቶሞቢሉን በ600 ዶላር ሽጦ መሆኑ ይነገራል። እነዚህ ሰዎች እጀታው እንደ ሽጕጥ የሆነ፤ በአንድ ጣት ሲስቡት የሚነሣ፤ ሲለቁት የሚቆም መሰርሰሪያ አሰቡ፤ በ1917 ዓ. ም. ፓተንቱን አገኙ። ዛሬ በመደብር መስኮት የምናየው መልክ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለወጠም ለማለት ይቻላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፤ በ1946 ዓ. ም. ይኸው ኩባንያ ለቤት ባለቤት የሚሆን ርካሽ መሰርሰሪያ ለገበያ አቀረበ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የፋብሪካ ዕቃ ብቻ የነበረው መሣሪያ፤ ከዚህ ወዲህ በየቤቱ ገባ።

ነገር ግን፤ ክቡራን አድማጮች፤ ሠራተኛው ከክንዱ ድካም ቢያርፍም በገመድ ታሰረ። ሶኬት በሌለበት ጣሪያ ላይ፤ ገና መብራት ባልገባበት አዲስ ቤት ውስጥ፤ መብራት በጠፋበትም ሰዓት መሣሪያው ከተራ ብረት አይሻልም ነበር። እርጥብ በሆነ ሥፍራም የተላጠ ገመድ የሰው ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ቀጣዩ የታሪክ እርምጃ ገመዱን መቍረጥ ሆነ።

በ1961 ዓ. ም. ብላክ ኤንድ ዴከር በባትሪ የሚሠራውን ገመድ አልባ መሰርሰሪያ አወጣ። በውስጡ የነበረው የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ሲሆን፤ የባትሪው ጥበብ ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር በ1899 ዓ. ም. የፈለሰፈው ነው። ብዙ ሰዎች ይህን መሰርሰሪያ የፈጠረው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት፤ ናሳ፤ ነው ሲሉ ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። ኩባንያው ገመድ አልባውን መሰርሰሪያ ቀድሞ ሠርቶ ነበር፤ ወደ ጠፈር ሥራ የተጠራውም በኋላ፤ በዚሁ ዕውቀቱ ምክንያት ነው።

የጠፈሩ ሥራ ግን ለርእሳችን ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች ይሰጣል። አንደኛው ይህ ነው። መሰርሰሪያ ፑንታውን ወደ ቀኝ ሲያዞር የያዘውን ሰው ወደ ግራ ሊያዞር ይሞክራል። በምድር ላይ እግራችን መሬት ስለሚረግጥ ኀይሉ አንጓችን ላይ ብቻ ይሰማናል። ክብደት በሌለበት ጠፈር ግን ብሎን ለማጥበቅ የሚታገል ሰው፤ ብሎኑ ሳይዞር እርሱ ራሱ ይሽከረከራል። ስለዚህ ለጀሚኒ የጠፈር ጕዞ ሲባል፤ የያዘውን ሰው ሳያሽከረክር ብሎን የሚያዞር ልዩ መፍቻ ተሠራ። በመሰላል ላይ ቆሞ በአንድ እጁ ረጅም ብሎን የሚያስር አናጢም፤ በመጠኑ ቢሆን የዚያው የጠፈር ሰው ችግር አለበት፤ ኢምፓክት የተባለው መሣሪያ ለእርሱ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከጨረቃ የመጣ ነው። በ1971 ዓ. ም. በአፖሎ 15 ጕዞ ጊዜ ዴቪድ ስኮት የጨረቃን የውስጥ ሙቀት ለመለካት በባትሪ መሰርሰሪያ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ጕድጓድ እንዲበሳ ታዞ ነበር። መሰርሰሪያው ግን ከ1 ሜትር ተኩል እምብዛም ሳያልፍ ቀረ። ጥፋቱ የሞተሩ ወይም የባትሪው አልነበረም። እርስ በርስ የሚቀጣጠሉት የመሰርሰሪያ ዘንጎች መጋጠሚያቸው ላይ ቦያቸው ጥልቀት ስላልነበረው፤ የጨረቃውን አፈር ወደ ላይ ማውጣት አልቻሉም ነበር። ለሚቀጥለው ጕዞ ለአፖሎ 16 ዘንጎቹ ተሻሽለው በተሠሩ ጊዜ ሥራው ቀና። በዓለም ላይ ከፍ ያለ ወጪ የወጣበት መሰርሰሪያ በፑንታው ምክንያት ከቆመ፤ ርካሽ መሰርሰሪያ ገዝቶ በዶለዶመ ፑንታ የሚሠራ ሰውማ መሣሪያውን ለምን ይወቅሳል?

ወደ ባትሪው ታሪክ እንመለስ። በጃፓን አገር ማኪታ የተባለው ኩባንያ በ1978 ዓ. ም. ባለ 7.2 ቮልት ገመድ አልባ መሰርሰሪያ ባወጣ ጊዜ፤ መሣሪያው በባለ ሙያዎች ዘንድ እየተለመደ ሄደ። የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ጠንካራ ቢሆንም ከባድ ነበር፤ ሳይሠራበት ሲቀመጥም ኀይሉ ይፈስ ነበር፤ ካድሚየምም መርዝ ነው። በ1991 ዓ. ም. ሶኒ የሊትየም ባትሪን ለገበያ አቀረበ። ይህን ባትሪ ያስገኙት ጆን ጉድኢናፍ፤ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሊትየም ባትሪ ወደ ከባድ የሥራ መሣሪያ የገባው ግን ወዲያው አልነበረም፤ ሚልዋኪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2005 ዓ. ም. ባለ 28 ቮልት የሊትየም መሣሪያዎቹን ባወጣበት ጊዜ ነው አዲሱ ዘመን በግልጽ የተጀመረው። የአውሮፓ ኅብረትም የካድሚየም ባትሪ በገመድ አልባ መሣሪያዎች ውስጥ እንዲገባ የሰጠውን ፈቃድ በ2016 ዓ. ም. መጨረሻ ዘጋ።

እንግዲህ ዛሬ ርካሽ የተባለው ሣጥን እንኳ በውስጡ የሊትየም ባትሪ አለው። የቀድሞው አናጢ በሕልሙም ያላየውን ኀይል የዛሬው ጀማሪ በእጁ ይይዛል። ነገር ግን ነጻነቱ በባትሪው ላይ ስለ ተንጠለጠለ፤ ባትሪው የሞተ ቀን መሣሪያው ሁሉ የሞተ ነው። ገዢ ሆይ፤ የምትገዛው ባትሪውን ነው፤ መሰርሰሪያው አብሮት የሚመጣ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

አሁን ሁለቱን መሣሪያዎች እንለያቸው፤ በገበያ ብዙ ሰው ያምታታቸዋልና። ተራው መሰርሰሪያ ፑንታውን ሳያቋርጥ ያዞራል። ከእጀታው ፊት በቍጥር የተመለከተ ቀለበት አለው፤ ብሎኑ የተወሰነ ጥብቀት ላይ ሲደርስ በዚህ ቀለበት ምክንያት መሣሪያው ድምፅ አሰምቶ ይለቃል፤ እንጨቱም አይሰነጠቅም። ኢምፓክቱ ግን ሌላ አሠራር አለው። በውስጡ መዶሻና መስፍ ይገኛሉ። ብሎኑ ቀላል እስከ ሆነ ድረስ ዝም ብሎ ያዞራል፤ ሲከብደው ግን መዶሻው በስፕሪንግ ወደ ኋላ ተስቦ መስፉን ከጎን ይመታዋል፤ ይህንም በደቂቃ 3,000 ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል። ጎሚስታ የመኪና ጎማ ብሎን በአየር ግፊት ሲፈታ የምንሰማው ድምፅ የዚህ ዘመድ ነው። ምቱ ከብሎኑ ጋር ስለሚታገል በሠራተኛው አንጓ ላይ የሚመለሰው ኀይል ጥቂት ነው።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ እርሱም እየዞረ ፑንታውን ወደ ፊት የሚደበድበው፤ ለብሎኬትና ለሲሚንቶ ግድግዳ የሚሆነው መሰርሰሪያ ነው። የኢምፓክት ምት ወደ ጎን፤ የዚህኛው ምት ወደ ፊት ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ኢምፓክት ገዝቶ ግድግዳ ሊበሳበት ይሞክራል፤ መሣሪያውም ይጮኻል እንጂ ግድግዳው አይበሳም። በአገራችን ከተሞች የቤቱ ሁሉ ግድግዳ ብሎኬት በሆነበት ጊዜ፤ መጋረጃና መደርደሪያ ለመስቀል የሚሠራ ሰው፤ ከሣጥኑ ውስጥ ያለው መሰርሰሪያ የመደብደቢያ ምልክት፤ ማለት የመዶሻ ሥዕል ያለበት ቀለበት እንዳለው አስቀድሞ ይይ። ለኮንክሪት ዓምድ ግን ይህም ቢሆን አይበቃም፤ ለዚያ ሥራ የተለየ ከባድ መሣሪያ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ አመራረጡ እንድረስ። መጥኖ መደቈስ አስቀድሞ ነው፤ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ አይረባም።

በመጀመሪያ የባትሪውን እውነት መርምሩ። አንድ የሊትየም ክፍል፤ ማለት በባትሪው ሣጥን ውስጥ የሚደረደረው አንዱ ድንጋይ፤ 3.6 ቮልት ያህል ይሰጣል። ሦስቱ ሲቀጣጠሉ 10.8፤ አምስቱ ሲቀጣጠሉ 18 ቮልት ይሆናሉ። ባትሪው ገና ሲሞላ እያንዳንዱ ክፍል ወደ 4 ቮልት ስለሚጠጋ፤ አንዳንዱ አምራች ያንኑ ባለ 18 ቮልት 20 ቮልት፤ ባለ 10.8ቱን ደግሞ 12 ቮልት ብሎ ይጽፍበታል። ይህ ያው አንድ ዕቃ በሁለት ስም መጠራቱ ነው። ነገር ግን በትንሽ ባትሪ ላይ 48 ወይም 88 ተብሎ በትልቅ ቍጥር ተጽፎ ብታዩ ሒሳቡን ጠይቁ። 48 ቮልት እንዲገኝ ዐሥራ ሦስት ክፍሎች መቀጣጠል አለባቸው፤ ዐሥራ ሦስት ክፍሎች ደግሞ በመዳፍ በምትያዝ ትንሽ ሣጥን ውስጥ አይገቡም።

ከቮልቱ ቀጥሎ አምፔር ሰዓት የሚባለው አለ። ቮልት የውኃው ግፊት ቢሆን፤ ይህኛው የጋኑ ስፋት ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ሰዓት የተባለው፤ ማለት በባትሪው ውስጥ ያለው ሙሉ ሥራ ይገኛል። 18 ቮልት በ2 አምፔር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ነው፤ በ4 አምፔር ሰዓት 72 ነው። በመልካም ባትሪ ላይ ሦስቱም ቍጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ብታባዟቸውም ይስማማሉ። የማይስማሙ ቍጥሮች የተጻፉበት ባትሪ ግን ራሱን በራሱ የሚያጋልጥ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፤ ያ ባትሪ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ይገኛልን ብላችሁ ጠይቁ። ሪዮቢ የተባለው ስም በ1996 ዓ. ም. ያወጣውን ባለ 18 ቮልት የባትሪ አቀማመጥ እስከ ዛሬ ስላልለወጠው፤ የጥንቱ መሰርሰሪያ በአዲሱ የሊትየም ባትሪ ይሠራል። ይህ ለገዢ ትልቅ ሀብት ነው። ስሙ በየወሩ በሚለወጥ ሣጥን ውስጥ የመጣ ባትሪ ግን ሲሞት ተተኪ የለውም፤ በዚያን ጊዜ ርካሹ ሁለት ጊዜ የተገዛ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ነጋዴውን፤ «ባትሪውን ብቻ ስጠኝ ብል ዋጋው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ዋጋውን ቢነግራችሁ መልካም ነው፤ «ለብቻው አይሸጥም» ቢላችሁ ግን መልሱን አግኝታችኋል። ደግሞም ሁለት ባትሪ ያለው ሣጥን አንድ ካለው ይሻላል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይሠራልና። መብራት በሚጠፋበት ሥፍራ ይህ እጅግ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ ቻርጀሩን እዩ። የአገራችን የመብራት ኀይል 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለወንድም ወይም ለአጎት ልጅ ስጦታ ብለው ይህን ሣጥን ሲያመጡ፤ ቻርጀሩ በ120 ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሶኬት ላይ የተሰካ ዕለት ይቃጠላል። በቻርጀሩ ጀርባ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ሥጋት የለም። ትርፍ ባትሪም በአውሮፕላን ሲጓዝ ከሻንጣ ጋር ወደ ጭነት አይገባም፤ ከተሳፋሪው ጋር በእጅ ነው የሚያዘው፤ መጠኑም ያለ ልዩ ፈቃድ ከ100 ዋት ሰዓት እንዳያልፍ ተወስኗል።

አራተኛ፤ መሰርሰሪያውን በእጃችሁ ፈትኑ። ቀጥ ያለ ፑንታ አስገብታችሁ በዝግታ አዙሩት፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ቢንቀጠቀጥ መያዣው ጠማማ ነው። መሳቢያውን በጥቂቱ ስትጫኑት በዝግታ ሊነሣ፤ አጥብቃችሁ ስትጫኑት ሊፈጥን፤ ስትለቁት ወዲያው ሊቆም ይገባል። ሁለት ፍጥነት ያለው ከአንድ ፍጥነቱ ይመረጣል፤ ዝግተኛው ለብሎንና ለሰፊ ቀዳዳ፤ ፈጣኑ ለቀጭን ፑንታ ነው። የመያዣው አፍ 10 ሚሊሜትር የሚያነሣው ለቁም ሣጥንና ለማጠፊያ ይበቃል፤ ከባድ ሥራ ያሰበ 13 ሚሊሜትር የሚያነሣውን ይፈልግ። ኢምፓክቱ ግን እንዲህ ያለ መያዣ የለውም፤ 6.35 ሚሊሜትር ስፋትና ስድስት ጎን ያለውን ጫፍ ብቻ ይቀበላል። ተራው የካቻቢቴ ጫፍ በምቱ ስለሚሰበር፤ ለኢምፓክት ተብሎ የተሠራውን መግዛት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፤ የሞተሩን ዓይነት ጠይቁ። ባለ ካርቦኑ ሞተር ርካሽ ነው፤ ካርቦኑ ግን እየተፋቀ ያልቃል። ያለ ካርቦን የሚሠራው በዋጋው ውድ፤ በባትሪውም ላይ ቈጣቢ ነው። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ባለ ካርቦኑን ቢገዛ ነውር አይደለም። ያለ ካርቦን በሚሠራ ሞተርና በደካማ ባትሪ መካከል፤ ወይም ባለ ካርቦን በሆነ ሞተርና በመልካም ባትሪ መካከል መምረጥ የግድ ቢሆንበት፤ ሁለተኛውን ይምረጥ።

በመጨረሻም ሥራችሁን ለኩ። ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት መደርደሪያ ለሚገጥም፤ ጂፕሰም ለሚያስር ሰው ባለ 12 ቮልቱ ቀላልና በቂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲሠራ የክብደቱ ማነስ ይጠቅመዋል። የጣሪያ እንጨት ለሚያስርና ብሎኬት ለሚበሳ ግን ባለ 18 ቮልቱ ይሻላል። ከገንዘቡም ላይ ጥቂቱን ለፑንታ ያስቀምጥ። ሁሉን በሣጥኑ ላይ ጨርሶ በዶለዶመ ፑንታ የሚጀምር ሰው የአፖሎ 15ን ታሪክ ያስታውስ።

ከግዢ በኋላ ጥበቃ ይከተላል። የሊትየም ባትሪን ፀሐይ በሚያቃጥላት መኪና ውስጥ መተው፤ ያበጠውን ወይም የተሰነጠቀውን መሙላት፤ ፈትቶ መነካካት እሳት ያስነሣል። በኢምፓክት ሲሠሩ ዓይንን በመነጽር፤ ጆሮን በመሸፈኛ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ድምፁ ቀስ በቀስ ያደነቍራልና። በሚዞር ፑንታ አጠገብ ልቅ እጀጌና የጨርቅ ጓንት አደገኛ ናቸው።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ ከረኽሚሬ አናጢ እስከ ዛሬው ወጣት ድረስ የሥራው ግብ አልተለወጠም፤ በትክክለኛው ቦታ ላይ ትክክለኛ ቀዳዳ መብሳት ነው። የግብጹ አናጢ ደጋኑ ቢሰበር ከዛፍ ቅርንጫፍ ሌላ ይቈርጥ ነበር። የዛሬው ሠራተኛ ግን ባትሪውን ከዛፍ አይቈርጠውም። ስለዚህ የአባቶቹን ነጻነት መልሶ የሚያገኘው ከመግዛቱ በፊት በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ባትሪውን በሒሳብ የመረመረ፤ ተተኪውን አስቀድሞ የጠየቀ፤ ለፑንታውም ያስቀመጠ ሰው፤ ከርካሹ መደርደሪያ ላይ አንሥቶ እንኳ ለብዙ ዓመት የሚያበላውን መሣሪያ ይዞ ይወጣል።